ቢዝነስ ለማጥናት ትልቁን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ልምረጥ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ፋይናንስ ማጥናት እፈልጋለሁ። ዓይኔን የጣልኩበት ከ30 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ክፍያው ከግል ኮሌጆቹ ያንሳል፣ ስሙም የታወቀ ነው። የሚያውቁት ሰዎች ግን «እዚያ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም፤ አዳራሽ ውስጥ ታጭቀሽ ነው የምትማሪው» ይሉኛል። ዩኒቨርሲቲው ያሳተመው በራሪ ወረቀት ደግሞ ከ10 ክፍሎች 9ኙ ከ30 ተማሪ በታች ናቸው ይላል። ማንን ልመን?

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። በትንሽ ቁጥር አስይው። 10 ክፍሎች አሉ እንበል። 9ኙ እያንዳንዳቸው 20 ተማሪ ይይዛሉ፣ አንዱ አዳራሽ ደግሞ 400። በራሪ ወረቀቱ አልዋሸም፤ 9ኙ ከ30 በታች ናቸው። ነገር ግን በጠቅላላው ካሉት 580 መቀመጫዎች 400ው፣ ማለትም ከመቶ 69 ያህሉ፣ ያሉት አዳራሹ ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲው የቆጠረው ክፍሎችን ነው፤ ወዳጆችሽ የሚነግሩሽ የተቀመጡበትን ወንበር ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተዋውቁት «ለአንድ መምህር 18 ተማሪ» ዓይነት አባባልም እንደዚሁ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ፊት ቆመው የማያውቁ፣ ምርምር ላይ ያሉና ማስተርስ ብቻ የሚያስተምሩ መምህራን ሊቆጠሩበት ይችላሉ።

ስለዚህ አማካይ አትጠይቂ፤ ኮርስ በስሙ ጠርተሽ ጠይቂ። ባለፈው ሴሚስተር የመግቢያ አካውንቲንግ፣ የማይክሮኢኮኖሚክስና የስታትስቲክስ ክፍሎች ስንት ስንት ተማሪ ነበራቸው? የሦስተኛ ዓመት የፋይናንስ ኮርስስ? የመጀመሪያው ዓመት በአዳራሽ ቢሆን አያስደንግጥሽ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ቁጥሩ ወደ 30 ወይም 50 ከወረደ ጤነኛ ነው። እዚያም 150 ከሆነ ግን እኛ በበኩላችን አንመክርም፤ የድርጅት ጉዳይ ተንትኖ ማቅረብ፣ ሪፖርት ጽፎ እርማት መቀበል በዚያ ብዛት አይሆንም።

አዳራሹ የሚጎዳው ወይም የማይጎዳው ከጀርባው ባለው ነገር ነው። ብዙ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሌክቸሩን በአዳራሽ ሰጥተው በሳምንት አንድ ቀን ተማሪውን ከ25 እስከ 30 እየከፈሉ በረዳት መምህር ያሠሩታል። ይህ መኖሩንና የቤት ሥራ በየሳምንቱ የሚታረም መሆኑን አረጋግጪ። አካውንቲንግን እንውሰድ። የ12 ወር ኪራይ 12,000 በቅድሚያ ተከፍሎ 3 ወር ካለፈ 3,000ው ወጪ ሆኖ መመዝገብ፣ 9,000ው ሀብት ሆኖ መቅረት አለበት። ተማሪው ይህን የማስተካከያ ምዝገባ ቢረሳውም ትራያል ባላንሱ (የሒሳቦቹ ሁሉ ማመሳከሪያ ዝርዝር) ግራና ቀኙ እኩል ይመጣል። እኩል ስለመጣለት የገባው ይመስለዋል። ደብተሩን አይቶ «ትርፉን 3,000 አብዝተሃል» የሚለው ሰው ከሌለ ስህተቱን የሚያውቀው ከሚድ ፈተና በኋላ ነው፤ ያኔ ትምህርቱ ፋይናንሻል ስቴትመንት (የድርጅቱ የሒሳብ መግለጫ) ላይ ደርሷል።

ከክፍሉ ስፋት በላይ ግን መመርመር ያለብሽ የዲፓርትመንት ምደባውን ነው። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቢዝነስ ፋኩልቲ ያስገባሻል። ሌላው በጋራ ኮርሶች ያስጀምርና ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ በውጤት ያወዳድራል፤ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚሞሉት ፋይናንስና አካውንቲንግ ናቸው። «ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎኛል» ማለት «ፋይናንስ ገብቻለሁ» ማለት ላይሆን ይችላል። ይህን ሳያውቁ ገብተው ያልፈለጉትን የሚያጠኑ ተማሪዎች ያሳዝኑናል፤ አንድ ደብዳቤ ጽፈው ሊያጣሩት ይችሉ ነበርና።

ለሬጅስትራሩ ወይም ለፋኩልቲው ጻፊና እነዚህን ጠይቂ። የመቁረጫ ነጥቡ ስንት ነው? ነጥቡን ያመጣ ሁሉ ይገባል ወይስ ከዚያም በኋላ ውድድር አለ? ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት አመልክተው ስንት ገቡ፣ የገቡትስ ጂፒኤ (የውጤት ነጥብ) በአማካይ ስንት ነበር? በጽሑፍ 3.0 የሚል መስፈርት ተቀምጦ የገቡት አማካይ 3.5 ከሆነ ትክክለኛው በር 3.5 አካባቢ ነው። ኮርስ ቢደገም አዲሱ ግሬድ የቀድሞውን ይተካል ወይስ ሁለቱ አብረው ይቆጠራሉ? የግሬድ አሰጣጡ ፊክስድ (አስቀድሞ በተወሰነ ነጥብ) ነው ወይስ ተማሪውን ከተማሪ የሚያወዳድር? ያልገቡትስ የት ይሄዳሉ?

አንድ ኮርስ ምን ያህል እንደሚያንሸራትት እዪ። በ27 ክሬዲት 3.6 የያዘች ተማሪ የ3 ክሬዲት ካልኩለስ ላይ ሲ ብታመጣ ጂፒኤዋ 3.44 ይሆናል። በሩ 3.5 ላይ ከሆነ በዚያች አንዲት ኮርስ ውጭ ቀረች ማለት ነው። ሒሳብ ላይ ደከም የምትዪ ከሆነ ከመግባትሽ በፊት ያለውን ክረምት ለአልጀብራና ለፋንክሽን ስጪው።

የኮርሶቹን ሰንሰለትም ተመልከቺ። ብዙ ቦታ ካልኩለስ ወይም ስታትስቲክስ ሳይታለፍ የፋይናንስ መሠረታዊ ኮርስ አይወሰድም፤ እሱ ሳይታለፍ ኢንቨስትመንት አይወሰድም። ከእነዚህ አንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ መውደቅ ወይም ምዝገባ ላይ ቦታ ማጣት ዓመት ይበላል። ክፍያው ቀላል ስለሆነ የመረጥሽው ዩኒቨርሲቲ በአምስተኛው ዓመት የትምህርት፣ የመኖሪያና የቀረ ደመወዝ ወጪ ሲጨመርበት ከውዱ ኮሌጅ ሊብስ ይችላል። ስለዚህ በመደበኛው ጊዜ የሚመረቀው ከመቶ ስንት እንደሆነ ለቢዝነስ ተማሪዎች ብቻ ተለይቶ ይነገርሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ ቢዝነስ ሊያጠና ነው። ጎበዝ ነው፣ ግን ዝምተኛ ነው። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተውጦ ይቀርብኛል ብዬ እሰጋለሁ። ሥራ ፍለጋ ላይስ ትልቁ ይሻላል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዝምተኛነቱ ብቻውን አያስፈራዎት። ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣ ነገር ግን በመምህሩ የምክር ሰዓት ቢሮ አንኳኩቶ የሚገባ ልጅ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥሩ ይሆናል። የሚቸገረው ሳይገባው ቀርቶ ዝም የሚለው ነው፤ እዚያ እርዳታ ሞልቷል፣ ግን ሄደው ካልጠየቁት አይመጣም። አሁኑኑ ይፈትኑት፦ ከላይ ለእህታችን የዘረዘርናቸውን የምደባ ጥያቄዎች እሱ ራሱ ለፋኩልቲው ይጻፍ፣ መልስ ከዘገየ ይደውል፣ ያገኘውን ለእርስዎ ያስረዳ። እርስዎ አይደውሉለት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከጨረሰው ተስፋ ያድርጉ። ካልጀመረው ደግሞ ትንሽ ኮሌጅ፣ ወይም ትልቁ ውስጥ በአነስተኛ ቡድን የሚያስተምር ፕሮግራም ይፈልጉለት።

ግቢውን ለማየት ከሄዳችሁ በእንግዳ መቀበያ ቀን አይሁን፤ ያን ቀን ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ነው የሚጠብቃችሁ። ሴሚስተሩ ከተጋመሰ በኋላ ባለ የሥራ ቀን ሂዱ። ከተፈቀደላችሁ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ሌክቸር ላይ ኋላ ተቀመጡ። ስንቱ ይጽፋል፣ ስንቱ ስልኩን ያያል? ሲያልቅ መምህሩን የሚጠይቁ አሉ ወይስ ወዲያው ይበተናል? ከዚያ አካዳሚክ አማካሪዎቹ ቢሮ ገብታችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለአንድ አማካሪ ስንት ተማሪ ይደርሳል፣ ዛሬ ቀጠሮ የጠየቀ ተማሪ መቼ ያገኛል? ለአንድ አማካሪ 250 ተማሪ ከደረሰ አማካሪው ልጁን ሊያውቀው ይችላል። 800 ከደረሰ ልጁ የኮርስ ቅደም ተከተሉን ራሱ መከታተል ይኖርበታል።

ስለ ሥራው የሚባለው በከፊል እውነት ነው። ቀጣሪ ድርጅት በአንድ ጉዞ ብዙ ተመራቂ የሚያገኝበት ግቢ መሄድ ይቀለዋል፤ የቀድሞ ተማሪዎችም በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። ሆኖም ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩት ጥቂት ናቸው፣ የመጀመሪያው ወንፊትም አብዛኛውን ጊዜ ጂፒኤ ነው። «ከተመራቂዎቻችን 95 በመቶው ሥራ ይዘዋል» ሲሏችሁ ዩኒቨርሲቲው ለተመራቂዎቹ ለላከው መጠይቅ ስንቱ እንደመለሰ ጠይቁ። ከ400 ተመራቂዎች 120 ብቻ መልሰው ከሆነ 95 በመቶ ማለት 114 ሰው ነው፤ ስለቀሩት 280 የሚያውቅ የለም። ኢንተርንሺፕን ዩኒቨርሲቲው ያገናኛል ወይስ ተማሪው ራሱ ያፈላልጋል የሚለውም ለዝምተኛ ልጅ ትልቅ ልዩነት አለው።

ጥያቄ፦ ስለ ዓለም አቀፍ እውቅና ብዙ እሰማለሁ። አስፈላጊ ነው?

መልስ፦ በቢዝነስ ትምህርት የታወቁት ዓለም አቀፍ እውቅናዎች ሦስት ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1916 የተመሠረተው ድርጅት ኤኤሲኤስቢ የሚሰጠው፣ ኢኩዊስና አምባ። አምባ በዋናነት የሚመለከተው ኤምቢኤን (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስን) እና መሰል የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞችን ስለሆነ ለመጀመሪያ ዲግሪ ብዙም አይረዳችሁም። ኤኤሲኤስቢ ለአካውንቲንግ ለብቻው የሚሰጠው እውቅናም አለ። ወደ ውጭ ሄዶ ማስተርስ ለመቀጠል ወይም ዩኒቨርሲቲ ለመቀየር ላሰበ ይጠቅማል። በአገሩ ለመሥራት ላሰበ ግን ቀድሞ የሚመጣው የአገሩ ትምህርት ተቆጣጣሪ ፈቃድ ነው፤ አካውንቲንግ ከሆነ ደግሞ ዲግሪው ለሙያ ፈቃድ ፈተና የሚያስቀምጥ መሆኑ። ሁለቱንም ከዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ከሰጪው አካል ዝርዝር ላይ አረጋግጡ፤ ስትፈልጉም ዩኒቨርሲቲው ብቻ ሳይሆን የምትገቡበት ፕሮግራም በስሙ መስፈሩን እዩ።