ጥያቄን ይዞ መቀመጥ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ስለ ዜን የሚጠይቁ ናቸው። ጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ውጭ አገር ካሉ የዜን ማኅበራት ጋር በቪዲዮ እየተገናኙ የሚቀመጡ ናቸው። ለማያውቀው አንባቢ፦ ዜን ቻይና ውስጥ «ቻን» ተብሎ ያደገ፣ ኋላም ጃፓን የገባ የቡድሂዝም ዘርፍ ነው። ዋና ሥራው ዛዜን ይባላል፤ ተቀምጦ መመሰጥ ማለት ነው። ሁለት ትልልቅ ቤቶች አሉት። ሶቶን ወደ ጃፓን ያመጣው ዶገን (1200–1253 እ.ኤ.አ.) ነው፤ በዚህ ቤት ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዝም ብሎ መቀመጥ ራሱ ሙሉ ልምምድ ነው። በሪንዛይ ቤት ደግሞ መምህሩ ለተማሪው ኮአን የሚባል ጥያቄ ይሰጠዋል።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ በሳምንት ሁለት ቀን ከቡድኑ ጋር 30 ደቂቃ እቀመጣለሁ። 15 ደቂቃ ሳይሞላ ቀኝ እግሬ ይደነዝዛል፣ ጉልበቴንም ይወጋኛል። መምህራችን «ሕመሙን ተመልከተው» ይላሉ። እስከ ምን ድረስ ልቻለው?

መልስ፦ መደንዘዝና ውጋት አንድ አይደሉም። እግር የሚደነዝዘው ነርቩ በትራሱ ጠርዝ ወይም በሌላው እግር ሲጫን ነው። ተነሥተው ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲቆዩ ከለቀቀዎት አያስጋም፤ አቀማመጡን ማስተካከል ይበቃል። በደነዘዘ እግር ግን ብድግ አይበሉ፣ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል። መጀመሪያ እግሩን ዘርግተው ጣቶቹን ያንቀሳቅሱ።

ጉልበት ውስጥ የሚወጋ ሕመም ግን የሚመለከቱት ሳይሆን ወዲያው የሚፈቱት ነው። ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይታጠፋል። ሲቀመጡ ወደ ጎን መዞር ያለበት ዳሌ ነው። ዳሌ አልዞር ሲል ጫናው ወደ ጉልበት ይሻገርና ጅማቱንና ልም አጥንቱን ይጎዳል። መምህርዎ «ተመልከተው» ያሉት ስለ ጀርባ ድካምና ስለ ቁርጥማት ይሆናል። ጉልበት እንደሚወጋዎት በግልጽ ይንገሯቸው፤ በስክሪን ላይ አይታይም።

አሁን ትራሱን እንመልከት። በጃፓንኛ «ዛፉ» የሚባለው ክብ የመቀመጫ ትራስ ስፋቱ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እሱ ከሌለ ወፍራም ብርድ ልብስ አጥብቀው ይጠቅልሉ፤ ከተቀመጡበት በኋላ ከ12 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሊቀረው ይገባል። ስፖንጅ መጀመሪያ ይመቻል፣ ጥቂት ቆይቶ ግን ይሰምጥና ወገብን ወደ ኋላ ያጎብጣል። ጥጥ ጠቅጥቆ መሙላት ከዚያ በጣም ይሻላል። ከሥሩ ሌላ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ አጣጥፈው ያንጥፉ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚያርፉት እሱ ላይ ነው። ትራሱ ላይ ሙሉ በሙሉ አይቀመጡ፤ የፊተኛው ሢሶ ላይ ብቻ ይቀመጡና ዳሌው ወደ ፊት ዘንበል ይበል። አንዱን እግር በሌላው ላይ መጫኑን ለጊዜው ይተዉት። ሁለቱም ባቶች አንዱ ከሌላው ፊት ሆኖ ወለሉ ላይ ይተኙ፤ የፊተኛውንም በየቀኑ ይቀያይሩ። ሁለቱም ጉልበቶች መሬት መንካት አለባቸው። አንደኛው አየር ላይ ከቀረ ትራሱን ከፍ ያድርጉ፣ ወይም ከጉልበቱ ሥር ነጠላ አጣጥፈው ይወትፉ።

ይህም ካልሆነ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዛዜኑ አይጎድልበትም። በርጩማ ግን አንመክርም። ብዙዎቹ በርጩማዎች ዝቅ ስለሚሉ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፣ ጀርባም ይጎብጣል። ጉልበትዎ ከዳሌዎ ጥቂት ዝቅ የሚልበት ወንበር መርጠው፣ ሳይደገፉ፣ ሁለቱን እግሮች ሙሉ በሙሉ መሬት ያስረግጡ።

እጆችዎም ብዙ ይናገራሉ። የግራ እጅ ጀርባ በቀኝ መዳፍ ላይ ያርፋል፣ የአውራ ጣቶቹ ጫፎች ደግሞ በስሱ ይነካካሉ፤ በመካከላቸው ቀጭን ወረቀት ያለ ያህል። አውራ ጣቶቹ ሲወድቁ እንቅልፍ እየወሰደዎት ነው። ተገፋፍተው ወደ ላይ ሲሾሉ ደግሞ እየታገሉ ነው። ዓይን በከፊል ተከፍቶ አንድ ሜትር ያህል ወደ ፊት፣ ወደ ታች ያያል። ካሜራውን ከፊትዎ ሳይሆን ከጎንዎ ያቁሙት፤ መምህሩ ማየት የሚፈልጉት ጀርባዎን ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ አባቴ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ሰው ሲሞት ምን ይሆናል፣ እኔስ ማን ነኝ የሚለው ሐሳብ አልለቅ አለኝ። የሪንዛይ መምህር «ሙ» የሚባለውን ኮአን ሰጡኝ። በየሁለት ሳምንቱ ለብቻ በቪዲዮ ያነጋግሩኛል፤ ያቀረብኩትን ሁሉ ይጥሉብኛል። አንዳንዴ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደወል ደውለው ያሰናብቱኛል። ምን እንድል ነው የሚፈልጉት?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ኮአኑን ለሌሎች አንባቢያን እናስታውስ። አንድ መነኩሴ ቻይናዊውን መምህር ጆሹን (778–897 እ.ኤ.አ.) «ውሻ የቡድሃ ባሕርይ አለው ወይስ የለውም?» ብሎ ጠየቀው። ጆሹም «ሙ» አለ፤ ቃል በቃል «የለም» ማለት ነው። የቡድሂዝም ትምህርት ግን ፍጡር ሁሉ ያ ባሕርይ፣ ማለትም ነቅቶ ቡድሃ የመሆን ዐቅም፣ አለው ይላል። እንዲያውም በሌላ መዝገብ ጆሹ ለዚያው ጥያቄ «አለው» ብሎ መልሷል። እንግዲህ የሚፈለገው «አለው» ወይም «የለውም» የሚለው ፍርድ አይደለም።

እኛ ነገርን በሰምና ወርቅ መፍታት የለመድን ሰዎች ነን። ኅብረ ቃሉን ፈልገን፣ ሰሙን አቅልጠን፣ ወርቁን እናወጣለን። ኮአን ሲሰጠንም እጃችን ወዲያው ወደዚያው ይሄዳል፦ ውሻው ምንን ይወክላል? «የለም» ሲል ምን ማለቱ ነው? ቅኔ ላይ የሚያስመሰግነው ይህ ችሎታ እዚህ እንቅፋት ይሆናል። ቅኔ ፈቺው ከቅኔው ውጭ ቆሞ ቢፈታም ወርቁ ያው ወርቅ ነው። ኮአን ላይ ግን ፈቺው ከውጭ እስከቆመ ድረስ የሚያወጣው ወርቅ ሁሉ ይጣላል፣ ምንም ያህል ቢያምር። መምህርዎ የሚያዩት ጠያቂውና ጥያቄው አሁንም ሁለት መሆን አለመሆናቸውን ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ሲቀመጡ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ያህል ትንፋሽ ሲወጣ ከ1 እስከ 10 ይቁጠሩ፤ ከጠፋብዎ ያለ ወቀሳ ወደ 1 ይመለሱ። ልብዎ ሲረጋ ቁጥሩን ይተዉና በእያንዳንዱ ወጪ ትንፋሽ ላይ በውስጥዎ «ሙ» ይበሉ፤ ትንፋሹ እስኪያልቅ ድረስ ይርዘም። ትኩረቱ ከእምብርት አራት ጣት ያህል በታች ይሁን። ገቢው ትንፋሽ ራሱ ይመጣል፣ አይሳቡት። «ሙ» በአፍ ልማድ እየሄደ ሐሳብዎ ገበያ ከወረደ፣ አንድ ጊዜ ብቻ «ሙ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁና ይመለሱ። መልስ አይፈልጉ፤ አለማወቅዎን ሳይሸሹ ይዘውት ይቆዩ። ሳህን ሲያጥቡ፣ ታክሲ ሲጠብቁም እንዲሁ።

ከሚሠሩት ስሕተቶች ሁሉ የሚበዛው «ሙ»ን ባዶነት ብሎ መተርጎም ነው። በ1228 እ.ኤ.አ. 48 ኮአኖችን ሰብስቦ ይህንን መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠው መነኩሴ ዉመን ከዚህ አስጠንቅቋል፤ እሱ ራሱ ከዚህ ቃል ጋር ስድስት ዓመት ቆይቷል። መልስ ከመጽሐፍ መዋስም አይሠራም፤ መምህራን መፈተሻ ጥያቄዎች ስላሏቸው የተዋሱት መልስ ሁለተኛው ላይ ይቆማል።

ለብቻ የምትገናኙበት ሰዓት ዶኩሳን ይባላል። ሲገቡ ሰግደው፣ የሚሠሩበትን ኮአን ስም ተናግረው፣ የያዙትን በአጭሩ ያቅርቡ፤ ማብራሪያ አይጨምሩ። ደወሉ ሲደወል ዓረፍተ ነገርዎን ሳይጨርሱም ቢሆን ይውጡ። ስድብ አይደለም፤ «አሁን ከወሬው መቀመጡ ይሻልሃል» ማለት ነው። ስለ አባትዎ ግን ለመምህርዎ ነግረዋቸዋል? ካልነገሩ ይንገሯቸው። ሕያው ሆኖ የያዘዎት ጥያቄ ያ ነው፤ «ሙ»ን አቆይተው በእሱ እንዲሠሩ ሊያደርጉዎ ይችላሉ።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምንዎታለን። ኮአኑን ጠዋት ይያዙት እንጂ መኝታ ላይ አይያዙት። እንቅልፍ ወይም ምግብ ከተወዎት፣ ወይም መኖር ካስጠላዎት፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ለመምህርዎም ያሳውቁ። ሴሺን የሚባለው የአምስት ወይም የሰባት ቀን ሱባኤ ለዚህ ጊዜ አይሆንም።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ የምሠራው ሰው ቤት ነው፤ የምቀመጠው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። ግድግዳው ላይ ፊቶች ይታዩኛል፣ አንዳንዴ ዕጣን ይሸተኛል። ግንባሬንም እንደ መጨምደድ ያደርገኛል። ራእይ ነው ወይስ በሽታ?

መልስ፦ ፊቱና ሽታው በዜን ማክዮ ይባላል፤ የታወቀ ነው፣ ራእይም አይደለም። ዓይን ባዶ ግድግዳ ላይ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ አእምሮ የጎደለውን ራሱ ይሞላል፤ እንቅልፍ ባጣ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ዓይንዎን ያርገብግቡ፣ ጀርባዎን ያቅኑ፣ ወደ ትንፋሽ ይመለሱ። አይከተሉት፣ አይፍሩትም።

ግንባርን የሚጨመድደው ትኩረት ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀርና ትንፋሽ ሲታፈን ነው። ሃኩይን (1686–1769 እ.ኤ.አ.)፣ የሪንዛይን ቤት ያደሰው ታላቅ መምህር፣ በወጣትነቱ ከልክ በላይ ታግሎ ራሱ ነዶ፣ እግሩ ቀዝቅዞ ታሞ ነበር። መድኃኒቱን በ1757 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ተርኮታል፤ ለእኛ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። የዳክዬ እንቁላል የሚያህል ለስላሳ፣ መዓዛው ደስ የሚል ቅቤ አናትዎ ላይ እንደተቀመጠ ያስቡ። በሰውነትዎ ሙቀት እየቀለጠ በጆሮ ግንድ፣ በትከሻ፣ በክንድ፣ በደረት ይወርዳል። ሆድና ወገብን አርሶ በጭን በኩል እስከ ውስጥ እግር ይደርሳል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ተጋድመውም ቢሆን ያድርጉት። ግንባርዎ እስኪላቀቅ ድረስ ሌላውን ልምምድ ይተዉት።

ከምንም በላይ እንቅልፍዎን ያስቀድሙ። በቀን የሚተኙት ለአምስት ሰዓት ያህል ብቻ ከሆነ 15 ደቂቃ መቀመጥ በቂ ነው። «ይህን አድርጊ» የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ ሌሊቱን ሳይተኙ ድካም ካልተሰማዎት፣ ወይም ከተቀመጡበት ከተነሡ በኋላም ዓለሙ ሕልም ከመሰለዎት ግን መቀመጡን ያቁሙና ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ኦርቶዶክስ ነኝ። ብቀመጥ ሃይማኖቴን እነካለሁ?

መልስ፦ ዜን የቡድሂዝም ዘርፍ መሆኑን ሸፍነን «ዝም ብሎ መዝናኛ ነው» ልንልዎት አንፈልግም። በብዙ ማኅበራት እጅ አጋጥሞ መስገድ፣ ከቡድሃ ምስል ፊት ዕጣን ማጨስና የልብ ሱትራ የሚባለውን የቡድሂዝም ጽሑፍ ማዜም አለ። በቪዲዮ የሚቀመጥ ሰው ይህን ሳያደርግ ዝም ብሎ መቆየት ይችል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ጁካይ፣ ማለትም ሥርዓቱን የመቀበል በዓል፣ በፈቃድ ብቻ ነው። ካቶሊካዊው ኢየሱሳዊ ካህን ሁጎ ላሳል (1898–1990 እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ ክህነቱን ሳይተው ለብዙ ዓመታት ዜን ተለማምዷል፤ ይህ ግን የእርስዎን ጥያቄ አይመልስልዎትም። ከላይ የዘረዘርነውን ይዘው የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። በቤተ ክርስቲያንዎም አርምሞ አለ፤ ስለ እሱም ይጠይቋቸው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ከበርሊን የሚመራው ቡድናችን ማታ 2 ሰዓት ይገናኝ ነበር። አንድ እሑድ ብገባ ማንም የለም። መብራትም በመሐል ይጠፋብኛል።

መልስ፦ አውሮፓ ሰዓቱን በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይቀይራል፣ ኢትዮጵያ አትቀይርም። በርሊን ማታ 1 ሰዓት የሚጀመረው በበጋቸው ለእርስዎ ማታ 2፣ በክረምታቸው ማታ 3 ሰዓት ነው። ጃፓን ግን ሁልጊዜ በ6 ሰዓት ትቀድመናለች። ለመብራቱ፦ ሲጀምሩ የራስዎን ሰዓት ቆጣሪ ስልክዎ ላይ ይሙሉ። መስመሩ ቢቋረጥ እንደገና ለመግባት አይነካኩ፤ ሰዓት ቆጣሪው እስኪደወል እዚያው ይቀመጡ።