ሴትሪዚን ልጨምር ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ስለ አለርጂ ክኒኑ «ሴትሪዚን ስወስድ ማስነጠሱ ቆመ፣ ደረቴ ግን ሌሊት ሌሊት ያፏጫል፤ በቀን 2 ላድርገው?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ ራሴን ነው ያየሁት። አታድርጊው። እኔ አድርጌው 2 ዓመት በከንቱ ለፍቻለሁ።

1. የአፍንጫና የሳንባ ነገር ይለያያል። አለርጂ ሲነሳ ማስት ሴል የሚባሉት ሕዋሳት ሂስታሚን ይለቃሉ። ሴትሪዚን የሚከላከለው እሱን ነው። ሳንባ ላይ ግን እነዚያው ሕዋሳት ሉኮትሪን የሚባልም ይረጫሉ። የአየር ቧንቧን በማጥበብ ሂስታሚን አጠገቡም አይደርስ። ሴትሪዚን ደግሞ አይነካውም፤ ሞንቴሉካስት የሚባለው ክኒን ነው እሱን የሚከላከለው።

2. ፓፍ፣ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት ማለቴ ነው፣ አትፍሪ። እኔን የጎዳኝ ይሄ ፍርሃት ነው። እዚሁ ጎንደር አንድ ክሊኒክ ሄጄ ሰውዬው ደረቴን እንኳ ሳያዳምጥ «ጉንፋን ነው» አለኝ። ስለ ፓፍ ስጠይቀው «ከጀመርክ ዕድሜ ልክህን አትላቀቀውም» ብሎ ወረቀቱን ወረወረልኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። አመንኩት። በርበሬ በሚፈጭበት ሰሞን አዘዞ ቤታችን አንድ ሌሊት ሲብስብኝ፣ በ2 ሴትሪዚን ላይ ክሎርፌኒራሚን የሚባል ሌላ የአለርጂ ክኒን ደረብኩ። እንቅልፍ ጣለብኝ እንጂ ደረቴን አልከፈተውም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ታፍኜ ነቃሁ። አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴን በሁለት እጄ ተደግፌ፣ «እማ» ለማለት ትንፋሽ አጣሁ። ምስኪን እናቴ ባዶ እግሯን ወጥታ ጎረቤት ቀሰቀሰች።

ድንገተኛ ክፍል የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን ሳልቡታሞል ሲሰጡኝ በደቂቃዎች ውስጥ ቀለል አለኝ። አስም ነበር። ከዚያ አንዲት ነርስ፣ እግዜር ይስጣት፣ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቀደደችና ፓፉን ሰካችበት። በጠርሙሱ አፍ ቀስ ብዬ እንድስብ አሳየችኝ። እንደዚያ ሲሆን መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ አይቀርም። ቤክሎሜታሶን የሚባል ፓፍ በየቀኑ ጀመርኩ፤ እሱ የቧንቧውን እብጠት ነው የሚያስታግሰው፣ ሱስም የለው። ከሳብሽ በኋላ አፍሽን ተጉመጥመጪ። ዘንድሮ የመስከረምን አበባ ያለ አንድ ክፉ ሌሊት ጨረስኩ፣ ኩራት ነው የተሰማኝ።

3. ሴትሪዚኑን ለአፍንጫሽ ያዢው። ለደረትሽ ግን ነገ ዛሬ ሳትይ በማዳመጫ የሚመረምርሽ ሐኪም ፈልጊ። ሌሊት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተሽ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ባጃጅ ጥሪና ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።