«ሁሉንም እወዳለሁ» የሚለው መልስ ጨዋታውን ይዘጋዋል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ስሆን፣ የምሠራው በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በሚገኝ አንድ የልብስ ፋብሪካ በጥራት ተቆጣጣሪነት ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማርኩ በመሆኔ ስለ ስፌት ጉድለትም ሆነ ስለ ማስረከቢያ ቀን ከውጭ አገር ባልደረቦቼ ጋር ያለ ችግር እግባባለሁ። የሚያስጨንቀኝ የምሳ ሰዓት ነው። በቅርቡ አንዲት ባልደረባዬ ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደምወድ ስትጠይቀኝ «ኦል ሚውዚክ» ብዬ መለስኩላት፤ እሷም ፈገግ ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ስለ ፊልም ሲነሳም «ናይስ» ከማለት አላልፍም። በተለይ ድሮ እወደው የነበረውንና አሁን የተውኩትን ነገር ለመናገር ስሞክር ምላሴ ይተሳሰራል። የሰዋስው መጽሐፍ ልግዛ ወይስ ማታ ማታ ፊልም ማየት ይሻለኛል?
(ከቦሌ አራብሳ)

መልስ፦ የሰዋስው መጽሐፉን ለጊዜው ይተዉት። ስለ ስፌት ጉድለት በእንግሊዝኛ ተከራክሮ መግባባት የቻለ ሰው ሰዋስው አልጎደለውም፤ የጎደለው ስለ ራሱ ፍላጎት ከነምክንያቱ የመናገር ልምድ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን ከአራት አማራጮች አንዱን ስናከብና ገቢር ዓረፍተ ነገርን ወደ ተገብሮ ስንለውጥ ኖርን እንጂ «ይህን ዘፈን ለምን ትወጂዋለሽ?» ብሎ የጠየቀን መምህር የነበረን ጥቂቶች ነን።

«ኦል ሚውዚክ» የሚለው መልስዎ ነውር የለበትም። በእኛ ዘንድ «ሁሉንም እሰማለሁ» ማለት መራጭ ላለመምሰልና ጠያቂውን ላለማስቀየም የሚባል የጨዋ መልስ ነው። ይሁን እንጂ ጠያቂዋ ቀጥላ የምትይዘው ነገር ስለማይተውላት ጨዋታው እዚያው ላይ ያልቃል። ጨዋታ የሚቀጥለው መልሱ ውስጥ ሌላ ጥያቄ የሚያስነሳ ነገር ሲኖር ነው፤ ለዚህ ደግሞ እርስዎን ከሁሉ በላይ ያስቸገረዎ ርእስ፣ ማለትም የተለወጠ ፍላጎት፣ ወደር የለውም። ድሮ ይጠሉት የነበረውን ነገር ዛሬ እንደሚወዱት የነገሩት ሰው ምን አግኝቶዎት እንደሆነ ሳይጠይቅ አያልፍም።

ለምሳሌ ልጅ ሳሉ አባትዎ እሑድ እሑድ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ሲከፍቱ ይሰለችዎ ነበር እንበል። ዛሬ ግን ይወዱታል። ይህን በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች መናገር ይቻላል፦ «አይ ዩዝድ ቱ ሄት ጥላሁንስ ሶንግስ። አይ ቶት ዘይ ዌር ፎር ኦልድ ፒፕል። ናው አይ ሊስን ቱ ሂም ኤቭሪ ሰንደይ።» ባልደረባዎ ጥላሁንን ስለማታውቀው ማን እንደሆነ ትጠይቃለች፤ እርስዎም በ2009 እ.ኤ.አ. ያረፈ፣ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ ሲዘፍን የታወቀ ድምፃዊ መሆኑን ለማስረዳት ሲሞክሩ ሳያስቡት ከሥራ ውጭ ብዙ እንግሊዝኛ ይናገራሉ። ከዚያም እሷ በተራዋ በልጅነቷ ስትሰማው ስላደገችው ሙዚቃ ትነግርዎታለች።

አሁን ምላስዎን ወደሚያስረው ነገር እንምጣ። በአማርኛ «እወድ ነበር» ስለምንል፣ «ነበር» የሚለውን «ዎዝ» በሚለው ቃል ተክተን «አይ ዎዝ ላይክ» ወይም «አይ ዎዝ ላቭ» እንላለን። ይህ ስህተት ከአማርኛችን ቀጥታ የመጣ በመሆኑ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰውም ሲናገር ያመልጠዋል። ድሮ የነበረና ዛሬ የቀረ ልማድ ወይም ስሜት በእንግሊዝኛ የሚነገረው «ዩዝድ ቱ» በሚለው ነው፤ በንግግር ግን «ድ»ው ተውጦ «ዩስቱ» ሆኖ ስለሚሰማ፣ ከፊልም ላይ በጆሮ ብቻ ለመያዝ የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ ሳይለየው ያልፋል። ከፊቱ «አይ አም» ከገባበት ደግሞ ትርጉሙ ተለውጦ «ለምጄዋለሁ» ማለት ይሆናል። «ዉድ» የሚለውም ለድሮ ልማድ ያገለግላል፤ ሆኖም «አይ ዉድ ላይክ» ካሉ ሰሚው የሚረዳው አሁን የሆነ ነገር እንደሚፈልጉ ስለሆነ፣ ለመውደድና ለመጥላት «ዩዝድ ቱ»ን ቢይዙ ይሻላል።

ሌሎቹ ስህተቶች ቀላል ናቸው። ፊልሙ ሲሰለችዎ «አይ አም ቦሪንግ» ካሉ ራስዎን አሰልቺ ሰው ማለትዎ ስለሆነ «አይ ዎዝ ቦርድ» ይበሉ። «ያየሁት ፊልም» ለማለት መጨረሻ ላይ «ኢት» መጨመር አያስፈልግም። አንድን ነገር እያደር እንደወደዱት ለመናገር «ኢት ግሩ ኦን ሚ» ይባላል። ሌላው ሰው የሚወደውን ነገር እርስዎ የማይወዱት ከሆነ ደግሞ «አይ ዶንት ላይክ ኢት» ብሎ ከመቁረጥ ይልቅ «ኢትስ ኖት ሪሊ ማይ ቲንግ» ማለት ለምሳ ጠረጴዛ ይለዝባል።

ፊልም ማየቱ ይጠቅምዎታል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የቋንቋ ተመራማሪዋ ሜሪል ስዌይን በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ በካናዳ ለዓመታት በፈረንሳይኛ የተማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች የሚሰሙትን በሚገባ እየተረዱ ሲናገሩና ሲጽፉ ግን ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ እኩዮቻቸው በእጅጉ ወደ ኋላ እንደሚቀሩ አሳይታለች። ሰው የጎደለውን ነገር ልብ የሚለው ለመናገር ሲገደድ ነው የሚል ነበር መከራከሪያዋ፤ የእርስዎም ደብዳቤ ይህንኑ ይመሰክራል።

ስለዚህ አዲስ ፊልም ከመፈለግ ይልቅ አስቀድመው የሚያውቁትን ታሪክ ይጠቀሙ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ስንከታተል ቆይተናል። ሴራውንም ገጸ ባሕርያቱንም ስለሚያውቋቸው የሚቀርዎ ቋንቋው ብቻ ነው። ያኔ ማታ ማታ በጉጉት ይጠብቁት የነበረውን ድራማ አሁን ቢያዩት ይሰለችዎታል? ከሆነ ለምን? መልሱን ብቻዎን ሲሆኑ ለሁለት ደቂቃ ያህል በስልክዎ ይቅዱና በታክሲ ሰልፍ ላይ በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት። አማርኛ የገባበትን ቦታ ለይተው፣ የጠፋዎትን ቃል ብቻ ፈልገው፣ ማታ እንደገና ይቅዱ። ትልልቅ ቃላት ማሳደድ አያስፈልግም፤ የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ በ1959 እ.ኤ.አ. የጀመረው ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ ፕሮግራም ዜናውንም ሳይንሱንም የሚያቀርበው 1,500 ያህል ቃላትን መሠረት አድርጎ ነበር።

እግር ኳስም ጥሩ የጨዋታ ርእስ ነው፤ ግማሹ ቃል፣ ኦፍሳይዱም ፔናሊቲውም፣ አስቀድሞ በአፋችን አለ። ስለተለወጠ ፍላጎት ለመለማመድ ግን አይመችም፤ በዲኤስቲቪ ቤቶች ውስጥ ክለቡን የቀየረ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳልና።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ እስከ እኩለ ሌሊት የእንግሊዝኛ ፊልም እያየ «ቋንቋ እየተማርኩ ነው» ይለኛል። ከሥር የሚወጣውን የአማርኛ ጽሑፍ ሲያነብ ስለማየው አላመንኩትም። እኔ እንግሊዝኛ ስለማልችል እንዴት ላረጋግጥ?
(ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ ጥርጣሬዎ መሠረት አለው። በ2009 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ የሚገኙ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ እንግዳ የሆነ የእንግሊዝኛ አነጋገር ያለበትን ፊልም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያዩ ሆላንዳውያን ያንን አነጋገር በኋላ የመለየት ችሎታቸው ሲሻሻል፣ በራሳቸው ቋንቋ ጽሑፍ ያዩት ግን አዲስ ንግግር ሲሰሙ ይበልጥ ተቸግረዋል። ልጅዎ የአማርኛውን ጽሑፍ አጥፍቶ የእንግሊዝኛውን ያብራ።

ለማረጋገጥ ደግሞ እንግሊዝኛ ማወቅ አይጠበቅብዎትም። በማግሥቱ ራት ላይ ያየውን ፊልም፣ ድሮ ይወደው ከነበረው ፊልም ጋር እያነጻጸረ፣ አማርኛ ሳይቀላቅል ለሁለት ደቂቃ እንዲናገር ይጠይቁት፤ ቀጥሎም የተናገረውን በአማርኛ ያስረዳዎ። በየዓረፍተ ነገሩ መካከል ረጅም ዝምታ ካለ ወይም በእንግሊዝኛ ጥቂት ቃላት ብሎ በአማርኛ ሲያስረዳዎ ታሪኩ ከረዘመ፣ ፊልሙን የተከታተለው በዓይኑ ነው። የሚናገረው ቢሳሳትም ሳያቋርጥ ከሄደ ግን ሰዓቱን ቀንሰው ይፍቀዱለት፤ እኩለ ሌሊት ድረስ መቆየቱ ለጠዋቱ ክፍል አይበጀውም።