መልስ፦ የሚስዮናውያን ቤተሰብ ምን ሲሠራ ይውል ነበር?

ወንድሜ፣ «አፍሪካ የመጡ ሚስዮናውያን ከስብከት ሌላ ሥራ ነበራቸው ወይ? ሚስትና ልጆቻቸውስ?» ብለሃል። እውነቱን ለመናገር፣ ጊዜያቸውን የሚበላው ስብከቱ አልነበረም።

ደቡብ አፍሪካ፣ ኩሩማን የኖሩትን ሮበርትና ሜሪ ሞፋትን እንውሰድ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሮበርት የአትክልት ሙያ ነበረው። ከምንጩ ቦይ ቆፍሮ ውሃ አመጣ፣ ቤት ሠራ፣ አናጢም ብረት ቀጥቃጭም ሆነ። በዚህ ላይ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ሴትስዋና ቋንቋ ይተረጉም ነበር። ሙሉው ያለቀው በ1857 ነው፤ ማተሚያ መኪናውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የሜሪ ውሎ ነው። የቤቱ ወለል ቢያንስ በሳምንት አንዴ በእበት ይለቀለቅ ነበር። መጀመሪያ ስታየው ቀፏት ነበር። ቆይታ ግን ቅዳሜ እስኪደርስ አላስችል አላት! አቧራውን ያስተኛል፣ ቁንጫም ይገድላል ብላ ጽፋለች። ገጠር ያደገ ሰው ይሄ አይጠፋውም።

ልጆቹስ ላልከው፣ ትልቋ ልጃቸው፣ እሷም ሜሪ ነች፣ በ1845 ሚስዮናዊውንና አገር አሳሹን ዴቪድ ሊቪንግስተንን አገባች። በዛሬዋ ቦትስዋና፣ ቆሎቤንግ በሚባል ቦታ ሕፃናት ታስተምር ነበር። እሱ እንደሆነ መንገድ ላይ ነው። በ1852 አራት ልጆች አስይዞ ከኬፕታውን ወደ ብሪታንያ ሸኛት። እዚያ ኑሮው ከብዷት፣ ብዙ ተንገላታች። ከዓመታት በኋላ ተመልሳ መጣች፤ በ1862 በዛሬዋ ሞዛምቢክ፣ ዛምቤዚ ወንዝ ዳር፣ ሹፓንጋ ላይ በወባ ሞተች። የተቀበረችውም እዚያው ነው።