ከቱሉ ዲምቱ ሆኖ በስልክ ሥራ መፈለግ፦ ጥያቄና መልስ

እሁድ ከሰዓት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ኮሚናሉ ውስጥ ቁጭ ብለን የሰፈሩ ልጆችና እናቶች ጥያቄ ሲያዥጎደጉዱብኝ ዋሉ። ለዓመታት ሰው ኃይል ክፍል ማመልከቻ ሳገላብጥ እንደኖርኩ ሰምተዋል። ከጠየቁኝና ከመለስኩት ጥቂቱ ይኸው።

እትዬ፣ ቴሌግራም ላይ 30 የሥራ ቻናል ገብቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ሳነብ እውላለሁ፤ የጠራኝ ግን የለም።
ለቀሽ ውጪ። አብዛኞቹ አንዱ የለጠፈውን ሌላው እየገለበጠ ነው የሚኖሩት። አንቺ ጋ ሲደርስ ቀኑ አልፏል። ኢትዮጆብስ፣ ሃሁጆብስና አፍሪወርክ የሚባሉትን የሥራ መፈለጊያዎች ያዢ፤ የሪፖርተርንና የአዲስ ዘመንን ማስታወቂያም እዪ። እኛ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተን ቆመን ነበር የምናነበው፣ ዝናብም እየመታን። ቴሌግራም ላይ ያየሽውን ደግሞ መጀመሪያ የድርጅቱ የራሱ ገጽ ላይ ፈልጊው። ከሌለ ደውለሽ ጠይቂ። ከዚህ ቦሌ ድረስ ታክሲ እየቀያየሩ ከመሄድ መደወሉ ይረክሳል።

ሲቪዬን ቢያዩልኝስ?
ስልኩን ሰጠኝ፣ አየሁት። ሲቪው በፎቶ የተነሳ ወረቀት ነው። ከወረቀቱ ጥግ አበባ ያለበት ብርድ ልብስ ይታያል። የስልክ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ይጎድለዋል። ልብ በሉ፣ በዚህ ሲቪ ሰባት ቦታ አመልክቷል! ቢፈልጉትስ በየት በኩል ይደውሉለት? ኮምፒውተር ቤት ሄደህ አስጽፈውና በፒዲኤፍ ያዘው። የፋይሉ ስም የአንተ ስምና የሥራ መደቡ ይሁን፤ «አዲሱ የመጨረሻ 2» የሚባል ፋይል ስንቱን ከፍቻለሁ መሰላችሁ። ኢሜይሉም ርዕስ ይኑረው። ባዶ ኢሜይል ላይ ሲቪ ብቻ ለጥፎ መላክ በር ሳያንኳኩ እንደመግባት ነው።

ማመልከቻዬን ቻትጂፒቲ ቢጽፍልኝ ችግር አለው?
ይጻፍልህ። ግን አንብበው። አንዱ «የድርጅቱ ስም እዚህ ይግባ» የሚለውን ሳያጠፋ ልኮልኝ ያውቃል። ያልሠራኸውን ሠራሁ ካለልህም ሰርዘው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚጠየቀው ቻትጂፒቲ ሳይሆን አንተ ነህ።

ልጄን «አልፈሻል፣ ለመመዝገቢያ 500 ብር በቴሌብር ላኪ» ብለዋታል። ልላክላት እንዴ?
እማማ፣ እንዳይልኩ! ፈተና ሳትቀመጥ፣ ፊቷን ያየ ሰው ሳይኖር ምኑን ነው ያለፈችው? ቀጣሪ ደመወዝ ይከፍላል እንጂ ከሥራ ፈላጊ አይቀበልም። እኔም ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ለ«ፎርም መሙያ» ከፍዬ ቢሮውን በሳምንቱ ተዘግቶ አግኝቼዋለሁ። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥሯንና በመልእክት የሚመጣላትን ኮድ ለማንም እንዳትናገር። የፋይዳ መታወቂያዋንም ፎቶ አንስታ ለማታውቀው ሰው አትላክ። ዓረብ አገር እንልክሻለን የሚሏት ከሆነ ደግሞ ኤጀንሲው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ እንዳለው ሳያጣሩ ፓስፖርቷን እንዳትሰጥ።

ሊንክድኢን የሚባለው የባለሙያዎች መገናኛ ገጽ ያስፈልገኛል?
አካውንቲንግ፣ ኢንጂነሪንግ፣ ሶፍትዌር ወይም ኤንጂኦ ከሆነ ሐሳብሽ፣ አዎ። ለሌላው አትጨነቂ።

የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሰርተፊኬት ሥራ ያስገኛል?
በ2016 ዓ.ም. የተጀመረ ነጻ የኦንላይን ስልጠና ነው፤ ኪስ ስለማይነካ ውሰደው። እውነቱን ልንገርህ ግን፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሰርተፊኬት ብቻ ብዙም አይመዝንም ነበር። ተምረህ የሠራኸውን አንድ ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ አብረህ አሳይ።

እኔ 8ኛ ክፍል ነኝ። ይሄ ሁሉ ለእኔ ምን ያደርጋል?
ብዙም አያደርግልሽም። ለፋብሪካ ሥራ ቦሌ ለሚ ወይም ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ በጠዋት መታወቂያሽን ይዘሽ በር ላይ መጠየቁ ይሻላል። ወረዳም ሄደሽ ሥራ ፈላጊ ተብለሽ ተመዝገቢ። ፋብሪካ የምትሠራ ጎረቤት ካለችሽ ደግሞ ከማንም ቻናል ትበልጣለች።

የግል ድርጅት ነው፤ የሙከራ ጊዜህ 6 ወር ነው አሉኝ።
አይሆንም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው፤ አታምታታው። ሳትፈርም ውሉን አንብብ።

ከዚህ በኋላ ቡናው ደረሰና ጥያቄው ቀረ። ማታ የሲቪው ልጅ አስተካክዬዋለሁ ብሎ ላከልኝ። ስልክ ቁጥሩ ሞልቷል። ብርድ ልብሱ ግን አሁንም አለ።