አቻ እንውጣ ሲሏችሁ

ልጆች፣ ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ቁጥር አከብራለሁ። ቁጥር ያሸበረኝን አንድ ቀን ግን ላጫውታችሁ።

ወጣት ሳለሁ ነው፤ እዚሁ ጎንደር የቼዝ ውድድር ነበር። የደረሱኝ ተጋጣሚ ከአዲስ አበባ የመጡ ትልቅ ሰው ናቸው። ሬቲንጋቸው፣ ማለትም የችሎታ ነጥባቸው፣ ከእኔ በ300 ይበልጣል። ሬቲንግ በሚወጣበት በኤሎ ስሌት እንዲህ ያለ ልዩነት ካለ፣ ዝቅ ያለው ተጫዋች ከ100 ጨዋታ የሚጠበቅለት 15 ነጥብ ገደማ ነው። ይህን ማወቄ ነው የጎዳኝ። ገና ፈረስ ሳላወጣ በልቤ እጅ ሰጥቼ ነበር።

መሀል ላይ አንድ ወታደር ያለ ጠባቂ ተዉ። እኔ ግን መብላት ፈራሁ። "እሳቸው እንዲህ አይሳሳቱም፣ ወጥመድ ነው" እያልኩ አሥር ደቂቃ አቃጠልኩ። ብፈልግ ብፈልግ ወጥመድ የለም። በቃ ተሳስተዋል። በላሁት። ያን ሁሉ ደቂቃ ዓይኔ ሰሌዳው ላይ ነው፣ ልቤ ግን ሰውየው ላይ ነበር። ሥራ ከያዝኩ በኋላም አለቃዬ የደመሩትን መዝገብ "እሳቸው ካዩት" ብዬ ያለፍኩበት ጊዜ አለ፤ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ጨዋታው ሩክ በሩክ ሆነ፤ ከንጉሥና ከወታደር ሌላ የቀረን አንዳንድ ሩክ (ግንቡ) ብቻ ነው። እኔ በአንድ ወታደር እበልጣለሁ። ያኔ "አቻ እንውጣ" አሉኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ትልቅ ሰው ሲጠይቅ እንዴት እምቢ ይባላል? ከእሳቸው ጋር አቻ መውጣትም ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። ግን ጨዋታው ወዴት እንደሚያመራ አውቀዋለሁ። ሉሴና የሚባለው አቋም ነው፤ በወታደር የሚበልጠው ወገን ወታደሩን ጫፍ አድርሶ ንግሥት በማድረግ የሚያሸንፍበት። ማታ ማታ ብቻዬን ሰሌዳ ዘርግቼ ስንቴ ተለማምጄዋለሁ። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ልጫወተው" አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

ወታደሬ ሰባተኛው መስመር ደረሰ፤ ንጉሤ ከፊቱ ቆሟል። የእሳቸውን ንጉሥ ሩኬ ከልክሎት ዳር ቀርቷል። ሩኬን ወደ አራተኛው መስመር ከፍ አደረግኩት። ንጉሤ ሲወጣ በሩካቸው አጠቁትና ቼክ አሉ። ደግመው ቼክ አሉ። በመጨረሻ ሩኬ መሀል ገብቶ ንጉሤን ጋረደው። እጅ ሰጡ፤ ሰዓቱን አቁመው ጨበጡኝ።

ልጆች፣ ለሰው አክብሮት ብላችሁ የምታውቁትን አትተዉ። እሳቸውም አልተቀየሙኝም። ማታ ፒያሳ ወስደው ማኪያቶ ጋበዙኝና ሰሌዳውን ዘረጉ። "ቀደም ብዬ ሩኬን በእኔ ወገን ሦስተኛው መስመር ላይ ይዤ፣ ወታደርህ እስኪራመድ ብጠብቅ አቻ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ሰሌዳውን አዞሩት።

"በል፣ አሁን አንተ ተከላከል።"