ለማድለብ ለተነሣችሁ ልጆቼ

ከብት ልታደልቡ መነሣታችሁን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ስጋትም ይገባኛል። አዳማ ዙሪያ በእንስሳት ሐኪምነት ስሠራ የቦረና ኮርማዎች ከጭነት መኪና ሲወርዱ እያየሁ ነው ያረጀሁት። በዚህ ሥራ ሲከስሩ ያየኋቸው ወጣቶች አብዛኞቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ከብታቸውም አልሞተባቸውም። ቀን ባለመቁጠራቸው ነው የከሰሩት።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 250 ኪሎ የሚመዝን ኮርማ በቀን ከክብደቱ 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። እየወፈረ ሲሄድ የሚበላውም ስለሚጨምር ለ90 ቀን ስድስት ኩንታል ተኩል ያዙለት። በቀን 800 ግራም ቢጨምርላችሁ በዘጠና ቀን 72 ኪሎ ነው። እንግዲህ አንድ ኪሎ ክብደት ዘጠኝ ኪሎ ያህል መኖ በላ ማለት ነው። የጭዱን፣ የፉርሽካውንና የኑግ ፋጉሎውን (ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን) ዋጋ በየድርሻቸው አስልታችሁ በዘጠኝ አባዙትና ከአንድ ኪሎ የቁም ከብት ዋጋ ጋር አስተያዩት። ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ትንሽ ነው፤ አንዳንዴም ምንም።

ታዲያ ሰው ከምን ያተርፋል? ከሲታ ከብት በኪሎ ሲሰላ ርካሽ ነው፣ የደለበ ደግሞ ውድ። ስትሸጡ የጨመራችሁት 72 ኪሎ ብቻ ሳይሆን ስትገዙት የነበረው 250 ኪሎም በአዲሱ ዋጋ ይሄዳል። ስለዚህ ገበያ ስትወጡ አጥንቱ ሰፊ፣ ሥጋው የጎደለ፣ ዓይኑ የነቃ ኮርማ ፈልጉ። ድርቅ ያከሳው ይመለሳል፤ በሽታ ያከሳው ግን መኖአችሁን ይጨርሳል። ሞላ ያለውን ከብት ደላላ ሲያሞግስላችሁ አትቸኩሉ፤ የዚያን ከብት ትርፍ ሌላ ሰው ወስዶታል።

አንድ ዓመት ከወንድሜ ጋር ስምንት ኮርማ አስገባን። ለፋሲካ ደርሰው ነበር፤ ዋጋው ይጨምራል ብለን አቆየናቸው። ከመካከላቸው አንድ ቀይ ኮርማ ትዝ ይለኛል። የጅራቱ ሥር ሞልቶ፣ ፍሪምባው ሲራመድ እየተወዛወዘ፣ ገንዳው ላይ ፋጉሎውን እየለቀመ ጭዱን ይተው ነበር። ያ ምልክት ነበር፤ ሐኪም ሆኜ ሳለ አለፍኩት። ስድስት ሳምንት ቀለብነው፤ የጨመረው ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የደለበ ከብት የሚበላውን ወደ ጮማ ይለውጠዋል፤ አንድ ኪሎ ጮማ ደግሞ ከአንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ እጅግ የበለጠ መኖ ይፈጃል። የመጀመሪያውን ወር ትርፍ የመጨረሻው ወር በላው።

መድኃኒትና ክትባት ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ነው፤ እሱን አትሰስቱ። ከብቱ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የትል መድኃኒት ስጡት። ፉርሽካና ፋጉሎውን ግን በአንድ ጊዜ አትቆልሉበት፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቀስ በቀስ አልምዱት፤ አለበለዚያ ሆዱ ይነፋል።

የሁዳዴን ጾም እወቁበት። ሥጋ ቤት ሲዘጋ የከብት ዋጋ ይላላል፤ በዚያ ወቅት ገንዘብ ያለው ይገዛል። ለፋሲካ የምትሸጡትን ግን ቀደም ብላችሁ በጥር አስገቡ።

ሚዛን የምትገዙበት ገንዘብ ከሌላችሁ የደረት ዙሪያ መለኪያ ሜትር ግዙ። በየ15 ቀኑ ጠዋት፣ ከብቱ ሳይበላና ሳይጠጣ፣ ከትከሻው ኋላ ለክታችሁ ቁጥሩን ከነቀኑ በበረቱ በር ላይ ጻፉት። በሁለት ልኬት መካከል ያለው ለውጥ እያነሰ ሲመጣ በዚያው ሳምንት ገዢ ጥሩ።